የምድር ዕውቀት በውስጥ ገቢ አይተዳደርም

ለሥነ ምድር ጥናት ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚመደበው በጀት እንዲቀነስ የሚጠይቅ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሙያ ባልደረቦቼ መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ለእኔም ደረሰኝ። ጽሑፉ ዘለፋ የለበትም፤ ጸሐፊውም የአገራቸው የገንዘብ እጥረት ከልብ እንደሚያሳስባቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ ስለዚህ ምላሼን በዚያው መንፈስ አቀርባለሁ። የክርክራቸው ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የአገሪቱን ምድር የሚያጠናው የመንግሥት ተቋም፣ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፣ ካርታና መረጃ እየሸጠ፣ የላቦራቶሪ አገልግሎት እያስከፈለ በውስጥ ገቢው ይተዳደር፤ ማዕድን ፍለጋ የባለሀብት ሥራ ስለሆነ መንግሥት ከዚያ እጁን ያውጣ፤ ሳተላይት ባለበት ዘመን በእግር እየዞሩ ካርታ ማንሳት ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የርዕደ መሬት ክትትል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስላለ ሌላ ወጪ አያስፈልግም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕዝቡን ዳቦ ያላጠገበ አገር ድንጋይ ለማጥናት ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

እኔ የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ ነኝ። በኢንስቲትዩቱ ተቀጥሬ አላውቅም፤ ደመወዝም ሆነ ውሎ አበል ከዚያ ወስጄ አላውቅም። ይሁን እንጂ የጉድጓድ ቦታ ለመምረጥ ወደ ገጠር በወጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የምዘረጋው፣ ከእኔ በፊት የነበሩ የመንግሥት ባለሙያዎች በፀሐይ ነድደው፣ በእግራቸው ተጉዘው ያዘጋጁትን ካርታ ነው። የዚያ ካርታ ባለዕዳ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። ረዘም አድርጌ የምመልሰውም ይህንኑ ነው፤ ሌሎቹ ነጥቦች የሚደገፉት በእርሱ ነውና። ጸሐፊው ካርታን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ያዩታል፤ የሚፈልገው ይግዛው፣ ገዢ ያጣው ካርታ ደግሞ ቀድሞውንም መሠራት አልነበረበትም ይላሉ። የሥነ ምድር ካርታ ግን ከሸቀጥ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ተጠቃሚው ማን እንደሚሆን ካርታው በሚሠራበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይታወቅም፤ አንዳንዱ ተጠቃሚ ጭራሹን ገና አልተወለደም። የለገደንቢን ወርቅ እንመልከት። በአዶላ አካባቢ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ ማጠብ የቆየ ሥራ ቢሆንም፣ በዐለቱ ውስጥ ያለው ክምችት ተለይቶና ተቆፍሮ መጠኑ የተሰላው በደርግ ዘመን፣ በመንግሥት ገንዘብ በተካሄደው የአዶላ የወርቅ ፍለጋ ፕሮጀክት ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን መረጃ ሊገዛ የሚችል የግል የማዕድን ኩባንያ በአገሪቱ አልነበረም። በጸሐፊው መለኪያ ቢኬድ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ገዢ የሌለው ሥራ ተብሎ በተሰረዘ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1997 መንግሥት ማዕድኑን ወደ ሚድሮክ ሲያዛውር 172 ሚሊዮን ዶላር አግኝቶበታል። ይህ ገንዘብ የአገር ገንዘብ ሆነ እንጂ የካርታ ሽያጭ ተብሎ በማንም መሥሪያ ቤት የውስጥ ገቢ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ጸሐፊው የመሥሪያ ቤቱን ሽያጭ ብቻ ደምረው ገቢው ከወጪው ጋር አይመጣጠንም ሲሉ የዘለሉት ሒሳብ ይህ ነው።

የለገደንቢ ነገር በዚህ እንደማያበቃ አውቃለሁ። በአካባቢው ነዋሪዎች ጤና ላይ ደርሷል በተባለው ጉዳት ምክንያት የማዕድን ማውጫው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2018 ታግዶ ነበር። እኔ ከዚያ ክርክር የምወስደው ትምህርት ግን ከጸሐፊው ድምዳሜ ጋር የሚጋጭ ነው፤ በአንድ አካባቢ ውኃና አፈር ውስጥ ምን ያህል አርሴኒክ ወይም ሜርኩሪ እንዳለ ማዕድኑ ከመከፈቱ በፊትም ከተከፈተ በኋላም የሚለካ፣ ደንበኛውን ላለማስቀየም የማይሳቀቅ የሕዝብ ተቋም ያስፈልጋል። ከኩባንያዎች በሚሰበሰብ ክፍያ ብቻ የሚኖር ላቦራቶሪ ስለ እነዚያው ኩባንያዎች በነጻነት ሊናገር አይችልም።

መረጃን በመሸጥ ተቋም ማኖር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር በተግባር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1879 የተቋቋመው የአሜሪካ የሥነ ምድር ተቋም ላንድሳት በተባሉት ሳተላይቶች የሚነሡትን የመሬት ምስሎች ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል፤ በመጨረሻዎቹ የሽያጭ ዓመታት የአንዱ ምስል ዋጋ 600 ዶላር ነበር። ሽያጩ ከሁሉም ዓመታት በደራበት ዓመት እንኳ በቀን የሚሸጠው ምስል ከ50 ብዙም አይበልጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ምስሎቹ ለሁሉም በነጻ እንዲለቀቁ ሲወሰን በቀን የሚወሰደው ምስል በሺዎች የሚቆጠር ሆነ። ከእነዚያ አዲስ ተጠቃሚዎች መካከል የእኛው ተማሪዎችና ባለሙያዎች ይገኙበታል፤ እኔም አንዱ ነኝ፤ 600 ዶላር ከፍዬ አንድም ምስል ልገዛ የምችልበት ዘመን በሕይወቴ አልነበረም። ዋጋው ያስገባው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ከደጅ የመለሰው ተጠቃሚ ግን በጣም ብዙ ነበር።

ሌላም አለ። የአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት መላ ግዛቷን በ1፡24,000 መስፈርት፣ በ707 ሉህ ካርታ አንስታ ጨርሳለች። ሥራው ሲጀመር በዋናነት የታሰበው የድንጋይ ከሰልና የማዕድን ኢንዱስትሪው ነበር። ከዓመታት በኋላ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የካርታዎቹን ተጠቃሚዎች ጠይቀው ሲያሰሉት፣ የተገኘው ጥቅም ከወጣው ገንዘብ በትንሹ ከ25 እስከ 39 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከተጠቃሚዎቹም መካከል የውኃ ባለሙያዎች፣ የመንገድና የሕንፃ መሐንዲሶች፣ የከተማ ፕላን ሠራተኞች ይገኙበት ነበር። ለድንጋይ ከሰል የተሠራ ካርታ ለውኃና ለመንገድ ዋለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥቅም አስቀድሞ በዋጋ ተምኖ ለገዢ ማቅረብ የሚችል ነጋዴ የለም።

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኝ አንድ ወረዳ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። ውኃው ፈንቅሎ የወጣ ዕለት እናቶች እልል አሉ፤ በግ ታረደ። የላቦራቶሪው ውጤት የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ የዚያ ጉድጓድ ውኃ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ውኃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ እየቆየም አጥንቱ ይጎብጣል። ጉድጓዱ ተዘጋ፤ ሴቶቹም ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ቀድሞው ወንዝ ተመለሱ። እኔ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። በአካባቢው ቀደም ሲል በመንግሥት ጥናት የተመዘገቡ የጉድጓዶችና የፍል ውኃዎች የኬሚካል ውጤቶች ነበሩ፤ እነርሱን ያየ ሰው ቁፋሮውን ከዚያ ቦታ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ደጋው ያሸሽ ነበር። ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህንን ነው፦ የዚያን መረጃ ዋጋ እንዲከፍል የሚጠበቀው ማን ነው? ድርጅቱ መረጃው ስለመኖሩም አያውቅም ነበር። እናቶቹ ገንዘብ የላቸውም። ሊከፍል የሚችለውም ሆነ ሊከፍል የሚገባው አገሪቱ ራስዋ ናት።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታ አለ፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ ፍርዴ ይዛባል። ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ናሙናውን ሲያስመረምር ሙሉ ዋጋ መክፈል አለበት። እ.ኤ.አ. በ1835 የተመሠረተው የብሪታንያ የሥነ ምድር ተቋምም ከኮንትራት ሥራ ገቢ ያገኛል። ነገር ግን አገሪቱን የማጥናቱንና መረጃውን ጠብቆ የማቆየቱን መሠረታዊ ሥራ የሚሸከመው ዛሬም የመንግሥት ገንዘብ ነው። የኮንትራቱ ገቢ ከበጀት በላይ የሚመጣ ጭማሪ እንጂ በበጀት ምትክ የሚቆም አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማዕድን መፈለግ ለባለሀብት ይተው የሚለው፣ በከፊል የተፈጸመ ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። የግል ኩባንያዎች ፈቃድ ወስደው ይፈልጋሉ፤ ይቆፍራሉም። ኩባንያው ግን ፈቃድ የሚጠይቅበትን ቦታ የሚመርጠው አስቀድሞ የተሠራውን የአካባቢ ካርታ አይቶ ነው፤ ካርታ የሌለው አካባቢ የሚፈልገው አያገኝም። ከዚህም በላይ ኩባንያው የሚመለከተው በፈቃዱ ወሰን ውስጥ ያለውን፣ የሚፈልገውንም ማዕድን ብቻ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የተናደው ኮረብታ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ቀድሞ የተናደው አፈር የወሰዳቸውን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። በዚያ ኮረብታ ላይ ወርቅ የለም። የትኛው ተዳፋት ዝናብ ሲጠግብ እንደሚንሸራተት ለማወቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ባለሀብት አይገኝም። ናዳ የወረደበት ቦታ እንደገና ሊናድ እንደሚችል ለነፍስ አድን ሠራተኛው የሚነግር፣ ለወረዳው አስተዳደር የተዘጋጀ የአደጋ ካርታ በገበያ ላይ አይሸጥም።

ስለ ሳተላይት የተነሣው ነጥብ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያሳምን ይመስላል፤ በተለይ ወጣቶች ይወዱታል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ስታመጥቅ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ። ሳተላይት ግን የሚያየው የምድርን ፊት ነው። በአፋር ዳባሁ አካባቢ በመስከረም 1998 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ፤ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ምድር ተሰንጥቆ፣ ከታች የወጣ የቀለጠ ዐለት ስንጥቁን ሞልቶ፣ መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራርቋል። ይህ ልክ የተገኘው በሳተላይት ራዳር መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ከራዳሩ ምስል ጎን ለጎን ቦታው ድረስ ሄዶ ስንጥቁን በእግሩ የተከተለ፣ አመዱን የሰበሰበ፣ የአፋር አርብቶ አደሮች ያዩትንና የሰሙትን የጻፈ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ያ ምስል በቀለም ያጌጠ እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀር ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚያው በአፋር የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳም ሳተላይቶች አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሲጓዝ አይተዋል፤ በረራዎችም ተስተጓጉለዋል። ያ ተራራ በተጻፈ ታሪክ ፈንድቶ የማያውቅ ነበር። ከዚያ በፊትስ መቼ ፈነዳ፣ ምን ያህል ጊዜስ ያርፋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው የአመዱን ንብርብር ቆፍሮ ናሙናውን በላቦራቶሪ በማስመርመር ነው። በተራራው አካባቢ፣ በአፍዴራ ያለው ሕዝብ ማወቅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ከምድር በታች ያለው ሀብትም እንዲሁ ነው። በአሉቶ ላንጋኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ነው በዚያ ሥፍራ ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል የተረጋገጠው። የጂኦተርማል ፍለጋው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እርዳታ ሲሆን፣ ከ7 ሜጋ ዋት ጥቂት ከፍ የሚል ኃይል ያለው ትንሹ ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ይህ ማመንጫ ብዙ ጊዜ በብልሽት ቆሟል፤ ጸሐፊው እንደ ኪሳራ ማስረጃ ቢጠቅሱት አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ከአሉቶ የምማረው ሥራው ሲጀመር ገንዘብ አግኝቶ ሲቀጥል ገንዘብ ማጣቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው። ጉድጓዶቹ ከተቆፈሩ ከአሥር ዓመት በላይ ማመንጫ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ዛሬ የግል ኩባንያዎች በቱሉ ሞዬና በኮርቤቲ ኢንቨስት ሊያደርጉ ሲመጡ የሚያነቡት መነሻ ጥናት በዚያ ዘመን የተጀመረው ነው።

አራተኛውን ነጥብ ስመልስ ስለምኖርበት ሰፈር መናገር ይኖርብኛል። አራት ኪሎ አካባቢ፣ ከግንፍሌ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መጠኑ 5.8 ገደማ የሆነው ርዕደ መሬት ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲነሣ አልጋችን ተወዛወዘ፤ የጎረቤት ልጆች አለቀሱ፤ ሁላችንም ጋቢያችንን እንደለበስን በደረጃው ወርደን ግቢ ውስጥ ቆምን። በሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት እጄን ይዘው፣ «የኔ ልጅ፣ አንተ ስለ መሬት የተማርክ አይደለህም ወይ? ይህ ቤታችን የቆመበት መሬት ጽኑ ነው ወይስ አይደለም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው መቼ ይመጣል የሚል አልነበረም፤ ያንን በቀንና በሰዓት ለይቶ የሚናገር ሳይንስ የለም። የጠየቁኝ የመሬቱን ጽናት ነው፤ ይህ ደግሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። እኔ ግን ለዚያ ግቢ፣ ለዚያ ሕንፃ በእርግጠኝነት የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ጸሐፊው ርዕደ መሬትን የሚከታተል ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ ማለታቸው እውነት ነው፤ እኛም እንኮራበታለን። በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ የተቋቋመው ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው፣ ብዙ አገሮች ምድርን በጋራ ካጠኑበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ሥራ የጀመረ ነው። መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዌን በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የደረሱትን ርዕደ መሬቶች ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ ተነሥቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የነበረችውን ትንሽ አዲስ አበባ ያናወጠውን፣ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ ደርሶ ማጀቴን ያወደመውን፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያፈረሰውን ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው በአብዛኛው ከዚያ ድካም የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ የመመዝገቢያ መሣሪያው የሚነግረን ምድር መናወጧን፣ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ነው። አንዱ ሰፈር ከሌላው የበለጠ ለምን እንደተናወጠ የሚነግረን የአፈሩና የዐለቱ ካርታ ነው። አዲስ አበባ በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ብትቆምም ዐለቱን የሸፈነው ነገር ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ አንዱ ቦታ ዐለቱ ቅርብ ነው፣ ሌላው ዝናብ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጣጠቅ ወፍራም መረሬ ነው፣ ሌላው ደግሞ በየጊዜው የተደለደለ ሙሌት ነው። ይህች ከተማ እዚህ የተቆረቆረችበት አንዱ ምክንያት ፍል ውኃ ነበር፤ ያ ሙቅ ውኃ የሚወጣው ደግሞ በከተማዋ መሐል በሚያልፍ የምድር ስንጥቅ ነው። ከፍል ውኃ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ቢራመዱ በደቂቃዎች ውስጥ 209 ሜትር ከፍታ ካለው የንግድ ባንክ ሕንፃ ሥር ይደርሳሉ። ሙቀት እያመጣ እቴጌ ጣይቱን ወደዚህ ያወረደው ስንጥቅ በዚህ ሁሉ ሕንፃ መካከል በየት በየት እንደሚያልፍ በዝርዝር ማወቅ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከማስተማር በተረፈው ሰዓት የሚሠራው ሥራ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል፤ ይመራመራልም። የአደጋ ካርታ ማዘጋጀት፣ ለክልልና ለወረዳ ማድረስ፣ በየጊዜው ማደስና ስሕተት ሲገኝበት ተጠያቂ መሆን ግን በሕግ ኃላፊነት የተሰጠው የመንግሥት ተቋም ሥራ ነው። በዚያው ወራት በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ሳያቋርጥ ሲናወጥ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠኑ 6.0 የሆነው ሲደርስ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀበሌዎች እንዲወጡ ተደርጓል፤ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዘው የከሰም ግድብ ደኅንነትም ብዙዎችን አስጨንቆ ነበር። በዚያ ወቅት ሁለቱም ተቋማት ያስፈልጉ ነበር። አንዱ ስላለ ሌላው ይቅር ማለት ሐኪም ስላለ ነርስ አያስፈልግም እንደማለት ነው።

የቀረው የዳቦው ጥያቄ ነው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት በዚህ ስለሆነ ብዙ አንባቢ ልብ ውስጥ የሚቀረውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። መልሴ ከእርሻው ይነሣል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማው አሲዳማ እንደሆነ የግብርና ባለሙያዎች ደጋግመው ተናግረዋል። በጎጃም፣ በወለጋና በሌሎችም ዝናብ የበዛባቸው ደጋዎች ያለ ገበሬ ማዳበሪያ ገዝቶ ቢበትንም አሲዳማው አፈር ፎስፈረሱን አስሮ ስለሚይዝበት ስንዴውና ገብሱ የሚጠበቀውን ያህል አያፈራም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ለአንድ ሄክታር የሚፈለገው ግን በኪሎ ሳይሆን በቶን ስለሚቆጠር፣ ዋጋውን የሚወስነው ከድንጋዩ ይልቅ የጭነት መኪናው ነው። የኖራ ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ቢገኝ ይጠቀምበታል፤ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን ግን አይቀምሰውም። የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ በደጀንና በሙገር በኩል በሰፊው እንዳለ ይታወቃል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹም እዚያ የተተከሉት ለዚህ ነው። ለአሲዳማው ማሳ ቅርብ የሆኑ፣ ለፋብሪካ የማይበቁ ለእርሻ ግን የሚበቁ ትናንሽ ክምችቶች የት የት አሉ የሚለውን ለመመለስ ግን ድንጋይ የሚያጠና ሰው መሄድ አለበት። የዳቦውና የድንጋዩ በጀት ተፎካካሪ ናቸው የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለው ስለዚህ ነው።

የበሰቃ ሐይቅም አለ። መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ጨዋማ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በልጧል። የግጦሽ መሬት ውጧል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድና የባቡር ሐዲድ አስግቷል፤ የሸንኮራ እርሻውንም ተጋፍቷል። ውኃው ከየት እየመጣ እንደሆነ፣ ከመስኖው ነው ወይስ ከምድር ስንጥቁ በታች ከሚፈሰው የሚለው የብዙ ዓመታት ክርክር ነው፤ ክርክሩ የሚፈታውም ዓመት ከዓመት ሳይቋረጥ በሚደረግ ልኬት ነው። በአንድ የበጀት ዓመት ተጀምሮ በሚቀጥለው የሚቆም ልኬት ግን ምንም ካለመለካት ብዙም አይሻልም።

ይህ ወደ መጨረሻው ሐሳቤ ያመጣኛል፤ ጸሐፊውና እኔ ልንገናኝ የምንችልበትም ቦታ ይኸው ነው። ገንዘቡ ተመድቦ ውጤቱ አይታይም የሚለው ወቀሳቸው ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ወደ መስክ መውጣት አይቻልም። የመስክ ሥራ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ገንዘቡ ጥር ላይ ቢለቀቅ ግማሹ በጋ አልፏል፤ ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አልተጠቀማችሁበትም ተብሎ ይቀነሳል። ይህ የመጠን ሳይሆን የአሰጣጥ ችግር ነው። ገንዘብ ሚኒስቴርና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለሥነ ምድር ካርታና ለአደጋ ጥናት የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ቋሚ የበጀት መደብ ቢያዘጋጁ፣ ለመኪናው ነዳጅና ጎማ፣ ለቁፋሮው ዘንግ፣ ለላቦራቶሪው ኬሚካል የሚሆነው ገንዘብ ከመስከረም በፊት ዝግጁ ቢሆን፣ አሁን በሚመደበው ገንዘብም ቢሆን ብዙ ይሠራ ነበር።

ጸሐፊው ተቋሙ ለሕዝብ ሒሳብ እንዲያቀርብ ጠይቀዋል፤ በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ጥያቄውን አሰፋዋለሁ። በየዓመቱ ሰኔ የበጀት ክርክር ከመጀመሩ በፊት ስንት ሉህ ካርታ እንደተነሣ፣ ስንት የውኃ ናሙና እንደተመረመረ፣ የትኞቹ ወረዳዎች የአደጋ ካርታ እንደደረሳቸው በዝርዝር ለሕዝብ ይገለጽ። በመዝገብ ቤት የተቀመጡት የቀድሞ ዘመን ሪፖርቶችም አንድ በአንድ በስካነር ተነሥተው ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያለ ክፍያ ይከፈቱ። በዚያ በስምጥ ሸለቆው ወረዳ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት መነበብ የነበረበት የፍሎራይድ ውጤትም ያን ጊዜ አብሮ ይከፈታል።